ጋሪ ጌይት፦ እየተጫወተ ማሠልጠን የጀመረው

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ኮሌጆች የላክሮስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ፣ የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲው ጋሪ ጌይት ከግቡ ጀርባ ተንደርድሮ ዘለለ። አየር ላይ እንዳለ ዱላውን ከአግዳሚው በላይ አሻግሮ ኳሷን ከላይ ወደ ታች ከተታት። በዚያው ጨዋታም ደገመው። ደንብ አውጪዎች ይህን አገባብ ኋላ ላይ ቢያግዱትም ዝናው ግን እስካሁን ከዚያ ዝላይ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በአሠልጣኝነቱ የጠቀመው ግን የእጁ ጥበብ ነው።

ላክሮስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል ሆዴኖሾኒዎች የፈጣሪ ስጦታ አድርገው ያዩታል። ተጫዋቹ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ትንሽ የጎማ ኳስ ይይዛል፣ ይወረውራል፣ ይቀበላል። በወንዶች የሜዳ ጨዋታ በየቡድኑ አሥር ሰው ይሰለፋል። ካናዳውያን ደግሞ በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ውስጥ፣ በግድግዳ ታጥረው፣ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ለስድስት ይጫወቱታል። እዚያ ግቡ ጠባብ ነው፤ ግብ ጠባቂውም በወፍራም መከላከያ ተጀቡኖ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በጉልበት ብቻ ማስቆጠር አይቻልም፤ ማታለልና በጠባብ ቦታ ኳስ መደበቅ ያስፈልጋል። በ1967 የተወለደው ጌይት ከመንትያ ወንድሙ ከፖል ጋር በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ያደገው በዚህ ጨዋታ ነው።

በሰሜን አሜሪካ የአዳራሽ ሊግ ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ፣ ከዚያም በ2003 የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ይሁን እንጂ ሊጉ በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ የሚካሄድ፣ ክፍያውም አነስተኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ አላቸው። ለጌይት ያ ሥራ ማሠልጠን ሆነ። ጫማውን ሳይሰቅል በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን የዋና አሠልጣኟ የሲንዲ ቲምቻል ረዳት ሆነ። ቡድኑም ከ1995 እስከ 2001 ሰባት ዋንጫ በተከታታይ አነሳ።

የወንዶች ኮከብ ለሴቶች ቡድን ምን ያስተምራል የሚል ካለ፣ መልሱ በደንቡ ውስጥ ነው። በሴቶች ጨዋታ በአካል መጋጨት የተከለከለ ነው። የዱላቸው መረብም ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ኳሷ በቀላሉ ትወድቃለች። ጉልበት ቦታ ሲያጣ የሚፈርደው የእጅ ቅልጥፍና ነው፤ የአዳራሹ ልጅ ይዞት የመጣውም ይህንኑ ነበር።

በ2005 በአዳራሹ ሊግ ከመጫወት ሲሰናበት ወዲያው የቀድሞ ክለቡን ኮሎራዶ ማሞዝን ተረክቦ በ2006 ሻምፒዮን አደረገው። በ2007 ወደ ሲራኪዩስ ተመልሶ የሴቶቹ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። በ2012፣ በ2014 እና በ2021 ለፍጻሜ ቢያደርሳቸውም ሦስቱንም ተሸነፉ። ረዳት ሳለ የለመደው ዋንጫ ዋና ሲሆን ራቀው።

በ2021 ራሱ ተጫውቶ ያለፈበትን የወንዶች ቡድን ሲረከብ ስሙ ብቻውን የትም አላደረሰውም፦ በመጀመሪያው ዓመት አራት አሸንፎ አሥር ተሸነፈ። የተዳከመ ቡድን በአንድ ሰው ዝና አይነሳምና ወጣቶቹ እስኪበስሉ መታገሥ ነበረበት። በ2025 ሲራኪዩስ ከ2013 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ።