ዝም ያለ የሚመስለው አንባቢ

አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ በነበረበት ጊዜ፣ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ከሚያነቡት መካከል ከንፈራቸውን የሚያንቀሳቅሱ አዛውንት አይጠፉም ነበር። ወጣቶቹ በክርን ይጎሻሸማሉ፤ «ገና ፊደል እየቆጠሩ ነው» ለማለት። እኔ ለአዛውንቶቹ እከራከራለሁ። የእነሱ ከንፈር ያሳበቀው ሁላችንም በሆዳችን የምንሠራውን ነው።

መነሻውን ባጭሩ ልጨርሰው። ዓይን ያየው ፊደል ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያም በግራ በኩል ከታች የተጻፈ ቃል ለይቶ የሚያውቅ ትንሽ ስፍራ ይረከበዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ደዠሪን በ1892 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህ መንገድ የተቋረጠበትን የአንድ በሽተኛ ነገር ጽፎ ነበር። ሰውዬው እንደ ልቡ ይጽፋል፣ ራሱ የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም። በጤነኛ አንባቢ ግን ቃሉ ከዚያ ትንሽ ስፍራ ወደ ቋንቋ ክፍሎች ያልፋል። ድምፅ እያሰማን ስናነብ ደግሞ ከንፈርን፣ ምላስን፣ ጉሮሮንና ትንፋሽን የሚያዝዙት ክፍሎች ይጨመራሉ፤ ጆሮም ያዳምጣል። አንጎል የገዛ ድምፁን አስቀድሞ ስለሚጠብቀው፣ ለሌላ ሰው ድምፅ የሚሰጠውን ያህል ምላሽ አይሰጠውም።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ አንደበቱም ጆሮውም ያረፉ ስለሚመስለው ነው። አላረፉም። ስዊድናዊው ኦከ ኤድፌልት በ1950ዎቹ ማብቂያ ዝም ብለው የሚያነቡ ሰዎችን የንግግር ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ መለኪያ ተከታተለ። ጡንቻዎቹ ይሠሩ ነበር፤ ጽሑፉ ሲከብድ ሥራቸው ይበረታል። በ2012 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይበልጥ ቀረቡ። ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ የተተከለላቸው ሕሙማን ምንም ሳይናገሩ ሲያነቡ፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ የሚነቃው የአንጎላቸው ክፍል ነቃ። ልብ ብለው ሲያነቡ ይበልጥ ነቃ፤ ችላ ሲሉ ደከመ።

እኔ በጣም የምወደው ግን በ2011 በግላስጎው የተሠራውን ጥናት ነው። በእኛ ምሳሌ ላስረዳ። አንዱ ዐረፍተ ነገር «እናቱ፣ “ልጄ፣ በርታ!” አሉት» ይላል፤ ሌላው «እናቱ እንዲበረታ ነገሩት» ይላል። መልእክቱ አንድ ነው። ሆኖም አንባቢው ዝም ብሎ ሲያነብ፣ ሰው በቀጥታ የተናገረውን የያዘው ዐረፍተ ነገር የድምፅ ክፍሉን ከሌላው አብልጦ ይቀሰቅሰዋል። ጥሩ ደራሲ ገጸ ባሕርያቱን ሲያናግር የምንሰማው ድምፅ እውነትም አንጎላችን ውስጥ አለ ማለት ነው።

ታዲያ «በፍጥነት ማንበብ ከፈለግህ የውስጥ ድምፅህን ግደለው» የሚሉ አሠልጣኞች ያናድዱኛል። ድምፅ ማሰማት እንደሚያዘገይ አልክድም፤ በእንግሊዝኛ አንድ አዋቂ ዝም ብሎ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ፣ ድምፅ እያሰማ 183 ገደማ ያነባል። ግን አንባቢዎች የውስጥ ድምፃቸው እንዲታፈን ቁጥር እየቆጠሩ ሲያነቡ፣ ሐሳብን ከሐሳብ ማያያዝ ይከብዳቸዋል። እንዲህ ያለው ንባብ የጋዜጣ ርእስ ለማየት ያህል ይበቃል፤ ውል ለመፈረም ግን አይበቃም።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ለትውስታ ያለው ጥቅምም ተለክቷል። የካናዳው ኮሊን ማክላውድና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ድምፅ አውጥተን ያነበብነውን ቃል ዝም ብለን ካነበብነው አብልጠን እናስታውሳለን። የገዛ ድምፅን ተቀድቶ መስማት እንኳ ራስ የማንበብን ያህል አይሠራም። የንባብ ቤት ተማሪ ዳዊቱን ጮኾ የሚደግመው፣ የኔታም የግዕዝ ንባቡን ተነሽና ወዳቂ በጆሯቸው የሚያርሙት ይህ ሁሉ ሳይለካ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንድ ቀብር ላይ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ወጣት «ዋና ሥራቸው ንግድ ነበር» የሚለውን አላልቶ ሲያነብ ሰማሁ፤ ነጋዴው ዋናተኛ ሆነው ዐረፉ። ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ልጁ ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ ወረቀቱን መጀመሪያ ያየው እዚያው ነው። ዓይኑ ከአፉ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የሚቀድመው፤ ዐረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ደግሞ ማጥበቅና ማላላቱ ግምት ነው።

እባካችሁ፣ ሰው ፊት የምታነቡትን ወረቀት ቤታችሁ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።