ወረቀቱ የማንን ቤት ያሳያል?

በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ፖይንተርን አንድ ቀን ሳይረግም አይቀርም። ፖይንተር ዕቃው ራሱ ሳይሆን የዕቃው አድራሻ ነው፤ የቤት ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በሉት። ወረቀቱ የደረሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ዕቃ መቀየር ይችላል። ማን እንደገባ ግን ኮዱን በዓይን በማየት ብቻ አይታወቅም።

ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መስመር «ዋጋ» ለተባለ ተለዋዋጭ 5 ይሰጠዋል። በሚቀጥለው መስመር በአንድ ፖይንተር በኩል የሆነ ቦታ 7 ይጻፋል። ከዚያ «ዋጋ» ይታተም ይባላል። ፖይንተሩ «ዋጋ»ን እንደማይነካ ከተረጋገጠ ኮምፓይለሩ ወደ ሜሞሪ ሳይመለስ 5ን ያትማል። ሊነካው የሚችል ከሆነ ደግሞ ማንበብ ግድ ነው። ፕሮግራሙን ሳያስኬድ፣ ጽሑፉን ብቻ እያየ ይህን የሚያጣራው ሥራ የፖይንተር ትንተና ይባላል።

ለማንኛውም ፕሮግራም ሁልጊዜ ልክ የሆነ መልስ የሚሰጥ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሒሳብ ታይቷል። ስለዚህ ተንታኙ እያንዳንዱ ወረቀት ሊያሳያቸው የሚችሉትን ቤቶች እየዘረዘረ በጥርጣሬ ይሠራል፦ የሌለ ቤት በዝርዝሩ ቢጨምር ይታለፍለታል፤ ያለውን ቢዘል ግን ፕሮግራም ያበላሻል። ጥያቄው ስንት የሌለ ቤት እንታገሥ የሚለው ነው።

ቀይና ነጭ ወረቀት አለን። በቀዩ ላይ የ«ሀ» ቤት፣ በነጩ ላይ የ«ለ» ቤት ተጽፏል። ቀጥሎ ነጩ ላይ ያለው ወደ ቀዩ ይገለበጣል። ላርስ ኦሌ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ለኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ የቀረበው ዘዴ ቀዩ «ሀ»ን ወይም «ለ»ን፣ ነጩ ግን «ለ»ን ብቻ ያሳያል ይላል። የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ስለማይከተል «ሀ»ን ከቀዩ አይሰርዝም፤ ቢሆንም ግልበጣው በአንድ አቅጣጫ መሆኑን አልረሳም። ከሁለት ዓመት በኋላ የማይክሮሶፍቱ ብያርነ ስቴንስጎርድ ያመጣው ዘዴ ግን ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ክምር ያደርጋቸዋል። ነጩም «ሀ»ን ሊያሳይ ይችላል ይላል፤ ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ ከቶ አይሆንም።

ታዲያ ስቴንስጎርድን ማን ይፈልገዋል? የቸኮለ ሰው። የአንደርሰን ዘዴ በከፋ ሁኔታ ፕሮግራሙ 10 እጥፍ ሲያድግ ሥራው 1000 እጥፍ ይሆናል፤ የስቴንስጎርድ ከ10 እጥፍ ብዙም አይርቅም። በተግባር ግን የአንደርሰን ዘዴ እንደተፈራው አልሆነም። እርስ በርስ በክብ የሚገለባበጡ ወረቀቶች መጨረሻ ላይ የሁሉም ዝርዝር አንድ ነው፤ እነዚህን ፈልጎ ማዋሐድ ከትክክለኛነቱ ቅንጣት ሳይቀንስ ድካሙን ያቀላል። ተመራማሪዎቹ ሃርዴኮፕፍና ሊን እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ መንገድ ሚሊዮን መስመር ያላቸውን ፕሮግራሞች ተንትነዋል። የጂሲሲ ኮምፓይለርም የአንደርሰንን መስመር ነው የሚከተለው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የተቀበለውን መልሶ የሚሰጥ አንድ ተግባር (ፈንክሽን) ከሁለት ቦታ ቢጠራ፣ ቀላሉ ትንተና የሁለቱን ጠሪዎች አድራሻ ያቀላቅላል። ጥሪዎቹን ለየብቻ የሚይዝ ትንተና ይበልጥ ይደክማል ብለን እንጠብቃለን፤ ብዙ ጊዜም ይደክማል፣ አንዳንዴ ሜሞሪ እስኪሞላ። ሆኖም ቀድሞ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። የተሳሳተ አድራሻም ሸክም ነውና፤ ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ ዝርዝሩን ሁሉ ያሳብጣል።

የአይቢኤሙ ማይክል ሂንድ እ.ኤ.አ. በ2001 «ይህን ጉዳይ እስካሁን አልፈታነውም እንዴ?» በሚል ርእስ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቂ የሚባለው መልስ እንደ ተጠቃሚው ይለያያል፦ ኮምፓይለር ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይታገሣል፤ የደኅንነት ስሕተት አሳሽ መሣሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ይሁን፣ የሐሰት ማንቂያ ከበዛበት ግን የሚያነብለት አያገኝም።

ሁሉንም የዘለለ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999ኙ የቋንቋው ደረጃ ወዲህ ሲ «ሪስትሪክት» የሚል ቃል አለው፤ ፕሮግራመሩ «ወደዚህ ቤት የሚወስደው ይህ ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ ቃል የሚገባበት። ኮምፓይለሩ ቃሉን የማጣራት ግዴታ የለበትም። ውሸት ከሆነም 7 ከተጻፈ በኋላ 5ን ሊያትም ይችላል።