ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማዶ
መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ሮቤ ነው፤ ጎባም ግቢ አለው። ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ኮሶውንና አስታውን አልፎ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የሳነቴ አምባ ያደርሳል። አምባው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ፣ ከባሌ ሌላ የትም የማይገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ቢሆኑ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የባሌ ናቸው። ደጋግሞ የፈጃቸው ደግሞ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አካባቢ ጥበቃ ሲባል ችግኝ ተከላ ብቻ ለሚታየው ተማሪ ይገርመው ይሆናል፤ ባሌ ላይ ግን ውሻ ማስከተብም ዋና የጥበቃ ሥራ ነው።