የዓሣ በሕይወት መኖር ለውሃ ንጽሕና ምስክር አለመሆኑ

ብዙ ሰዎች የወንዝን ንጽሕና የሚያውቁት ዓሣውን በማየት ነው። ዓሣ ከሞተ ውሃው መርዝ አለበት፤ ዓሣ ከኖረ ግን ደኅና ነው ይላሉ። የፊተኛው አሳብ ለጥንቃቄ ይጠቅማል፤ የኋለኛው ግን ሰውን እንደሚያሳስት የጂኖም ትምህርት ገልጧል።

ጂኖም ማለት በሕያው ፍጥረት ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የትእዛዝ ጽሕፈት ነው። የተጻፈውም በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ በሰው ጂኖም የፊደላቱ ቍጥር ወደ 3 ቢሊዮን ይደርሳል። ብራና ሲገለበጥ ፊደል እንደሚገደፍ፥ ይህም ጽሕፈት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ግድፈት ይገኝበታል።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት ሀድሰን የሚባል ወንዝ አለ። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1947 እስከ 1976 ዓ.ም. ሁለት ፋብሪካዎች ፒሲቢ የተባለውን፥ ለኤሌክትሪክ ዕቃ መሥሪያ የሚያገለግለውን መርዝ ወደ ወንዙ ይለቅቁ ነበር። መርዙም ቶሎ የማይጠፋ ስለ ሆነ በወንዙ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ፒሲቢ የዓሣን ፅንስ ልብ አበላሽቶ ሊገድል ይችላል፤ ሆኖም ቶምኮድ የተባለው ትንሽ ዓሣ በዚያው ወንዝ ሳይጠፋ ኖረ።

ሊቃውንትም ምክንያቱን መርምረው በ2011 ዓ.ም. አስታወቁ። ይኸውም መርዙ በሕዋስ ውስጥ የሚጣበቅበትን አካል በሚሠራው ጂን ላይ 6 ፊደላት ጐድለው ተገኙ። ስለዚህ መርዙ እንደ ቀድሞው አጥብቆ ሊይዝ አልቻለም። ይህ ግድፈት በሌላ ስፍራ በሚኖሩት ቶምኮዶች ዘንድ ጥቂት ሲሆን፥ በሀድሰን ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አላቸው። ግድፈቱ የሌላቸው እየሞቱ፥ ያላቸው እየተዋለዱ በዝተዋልና።

እንግዲህ ዓሣው መርዙን ቻለ እንጂ ውሃው አልጠራም። እንዲያውም በሕይወት የኖረው ዓሣ መርዙን በሰውነቱ አከማችቶ ለሚበላው ሁሉ ያስተላልፋል። ዓሣ በጥቂት ጊዜ ብዙ ትውልድ ያፈራል፤ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ለውጥ ተስፋ አድርጎ ሊቀመጥ አይችልም።

የጂኖም ምርመራ መርዝ በምን መንገድ እንደሚጎዳና ማን አብልጦ እንደሚጎዳ ያሳያል። የመርዙን መጠን የሚያስታውቀው ግን የውሃው፥ የጭቃውና የዓሣው ምርመራ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ ፍርድ አይሰጥም።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎች፥ ሽማግሌዎችም ለመንደሩ ሰው ይህን ማስረዳት ይገባቸዋል፤ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ ዓሣ ስለ ታየ ብቻ ውሃው ሳይመረመር አይታመን። መርዝን ከመግባቱ በፊት መከልከል ይቀላል፤ የሀድሰንን ጭቃ ቈፍሮ ለማውጣት ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ድካም ጠይቋልና።