ያውቁ ኖሯል? ፈቃድ ያጣው ጠበቃ
ሜክሲኮ የተወለደው ሰርጂዮ ጋርሲያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሕግ ተምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የጥብቅና ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራው አለፈ። የመኖሪያ ፈቃድ ግን አልነበረውም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጥብቅና እንዳይፈቀድለት ተከራከረ፤ የካሊፎርኒያ ጠበቆች ማኅበር ከጎኑ ቆመ። በ2013 መጸው የክፍለ ግዛቷ ሕግ ተሻሻለ፤ በጃንዋሪ 2 ቀን 2014 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በሙሉ ድምፅ ፈቀደለት። አባቱ በ1994 ያስገቡለት የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ተቀባይነት ካገኘ ዓመታት ቢያልፉም፣ ልጃቸው ጠበቃ ሲባል ገና ወረፋ ላይ ነበር።

ጠበቃን ካነሳን አይቀር፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ አያቆምም። ቀጠሮ የተሰጠው ዘመድ ካለዎት፣ ጠበቃ ከወዲሁ እንዲፈልግ ይንገሩት።