ነጭ ታይገርና ሸውራራ ዓይኑ

ነጭ ታይገር መጀመሪያ ዓይን የሚስበው በክሬም ጸጉሩ፣ በቡናማ ሰንበሩና በሰማያዊ ዓይኑ ነው። ትኩር ብሎ ላየው ግን አንዳንዶቹ ሸውራሮች ናቸው፤ አንዱ ወይም ሁለቱም ብሌኖች ወደ አፍንጫ ተስበዋል።

በየአገሩ መካነ እንስሳት የሚታዩት ነጭ ታይገሮች የዘር ሐረግ በአብዛኛው የሚመዘዘው ሞሃን ከተባለው ነጭ ታይገር ነው። ሕንድ ውስጥ፣ በሬዋ ጫካ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. በደቦልነቱ ያስያዘው ማሃራጃ ማርታንድ ሲንግ ነበር። ከብርቱካናማ ሴት የወለዳቸው ሁሉ ብርቱካናማ ሆኑ። ነጭ ለማግኘት ሲባል ከገዛ ልጁ ከራድሃ ጋር አገናኙት፤ በ1958 አራት ነጭ ደቦሎች ተወለዱ። ከእነሱ አንዷን፣ ሞሂኒን፣ በ1960 ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዋይት ሀውስ ድረስ ወስደው አሳዩዋቸው።

ይህን የሰማ ሁሉ የሸውራራነቱን ጥፋት በአባትና በልጅ መዋለድ ላይ ይጥላል። አይፈረድበትም፤ ዘመድ ከዘመድ ማዳቀል ብዙ ጉዳት ያመጣል። ሸውራራነቱ ግን ከነጭነቱ ከራሱ የሚመጣ ነው።

በ1973 ጊለሪና ካስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአንድ ነጭ ታይገር አንጎል መርምረው ምክንያቱን አሳዩ። በጤናማ ታይገር፣ ከሬቲናው በአፍንጫ በኩል ካለው ክፍል የሚነሱት ነርቮች ወደ ተቃራኒው የአንጎል ጎን ይሻገራሉ፤ በጆሮ ግንድ በኩል ካለው ክፍል የሚነሱት አብዛኞቹ በዚያው በራሳቸው ጎን ይቀራሉ። በፅንሱ ዓይን ውስጥ ቀለም ሲያንስ ግን መቅረት የነበረባቸውም ይሻገራሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዓይኖች የሚልኩት ምስል አንጎል ውስጥ በወጉ አይገጣጠምም። ሳያም ድመትና አልቢኖ ሰው ላይም የሚታየው ይኸው ነው። እንዲያውም ዓይኑ ቀጥ ያለ ሳያም ድመትም ነርቩ የተዛባ ነው፤ መልክ ብቻ አይቶ «ይህኛው ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ነጭ የሚያደርገው ዘረ መል በ2013 ተለየ። ኤስኤልሲ45ኤ2 ይባላል፤ ለውጡ በአንድ አሚኖ አሲድ ላይ ብቻ ነው፤ ቢጫና ቀይ ቀለሙን አጥፍቶ ጥቁሩን ብዙም አይነካም። ደቦሉ ነጭ የሚሆነው ከአባትም ከእናትም ሲወርሰው ነው። ሁለት ብርቱካናማ ተሸካሚዎች ሲዋለዱ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የማይዛመዱ ተሸካሚዎችን ፈልጎ ማዳቀል ሌላውን በሽታ ይቀንስ ይሆናል፤ የተወለደው ነጭ ከሆነ ግን ቀለም ያነሰው ዓይንም አብሮት ይወለዳል።

የአሜሪካ የመካነ እንስሳትና የአኳሪየም ማኅበር በ2011 አባላቱ ነጭ ታይገር ሆን ብለው እንዳያራቡ ወሰነ። ውሳኔው የማኅበሩ አባል ያልሆኑትን አይመለከትም፤ ለትርዒት የሚያራቡትም ሥራቸውን አልተዉም።