ሳንሱር በሕግ ተከልክሏል ሲባል ምን ማለት ነው?



በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ያለች አንዲት አነስተኛ ጉባኤ የኮንፈረንስ መጽሔት አዘጋጀች እንበል። (የእስቴ ዋና ከተማ ስሟ መካነ ኢየሱስ ቢሆንም በዚያ አገር ወንጌላውያን ጥቂት ናቸው።) መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ የመንግሥት ኃላፊ «መጀመሪያ እኔ አይቼ ልፍቀድ» ቢል ሕጉ ምን ይላል?

ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 3 ቅድመ ምርመራን፣ ማለትም በተለምዶ ሳንሱር የምንለውን፣ በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ከዚያ በፊትም የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀርቶ ነበር። አንቀጽ 13 ደግሞ እነዚህን መብቶች ማክበር በማንኛውም ደረጃ ያለ የመንግሥት አካል ግዴታ ነው ስለሚል ወረዳውም ከዚህ አያመልጥም።

«እንግዲያው የፈለግነውን እንጻፍ» የምትሉ ካላችሁ፣ እንደዚያ አይደለም። ሕጉ «ከመታተሙ በፊት» እና «ከታተመ በኋላ» የሚለውን ይለያል። የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚነካ ወይም ጦርነት የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ያስጠይቃል። ያን ጊዜ ግን ከሳሽ ማስረዳት አለበት፣ ዳኛ አለ፣ ይግባኝ አለ። በሳንሱር ጊዜ አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ይሰርዛል፤ ሕዝቡም ምን እንደ ተሰረዘ እንኳ አያውቅም። ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል ያቃጠለው ለሕዝብ ከተነበበ በኋላ ነበር፤ ሳንሱር ቢኖር ኖሮ ባሮክ የሚያነበው ነገር አይኖረውም ነበር። ፕሮቴስታንቱ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1644 እ.ኤ.አ. መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ፈቃድ ይጠየቅ የሚለውን ሕግ የተቃወመው ስለዚሁ ነው።

ሆኖም ክልከላው በወረቀት ላይ እያለ በጎን የሚገባ መንገድ አይጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ሕግ ይጥሳል ብሎ ያሰበውን ጽሑፍ አላትምም እንዲል የሚያስችል ውል ለጋዜጦች አቀረበ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤና የጻፈው የፍትሕ ጋዜጣ እትም፣ 30 ሺህ ያህል ቅጂ፣ ታትሞ ሳለ እንዳይሰራጭ ታገደ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ሳንሱርን ከልክሎ ሳለ፣ ለብሔራዊ ደኅንነት ግልጽና ከባድ አደጋ አለ ሲባል ዐቃቤ ሕግ ኅትመትን ከመሰራጨቱ በፊት እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር። በእኔ አስተያየት አንባቢ እጅ ያልደረሰ ጋዜጣ ቢታተምም ባይታተምም ያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ አይችሉም ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል አንቀጽ 29 የለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ታውጆ በተለይ የአማራን ክልል የነካው አዋጅ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ቆይቷል።

የጉባኤው ሽማግሌዎች መጽሔቱን ቢያርሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምንናገረው ስለ መንግሥት እጅ ነው። እምነታችንን የሚነቅፍ መጽሐፍ ሊወጣ ነው ሲባል «መንግሥት ያግድልን» የምንል ወገኖችም፣ ይህንኑ እጅ እየጠራን መሆኑን እናስተውል።

ስለዚህ ያ ኃላፊ ቢመጣ አትጣሉት። «በየትኛው አዋጅ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ትእዛዙንም ማኅተም ባለበት ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ።